ማታ ማን ነቅቶ ያድራል?

ያነበብኩት ጽሑፍ ወጣቶችን ለሳይንስ ወደ አርክቲክ ስለሚወስዱ መሪዎችና ሐኪሞች ልምድ ደርድሯል። ጥሩ ነው። እኔን ግን የዲግሪ ብዛት አያሳምነኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች ላይ በእንግሊዝ ወጣቶች ካምፕ የደረሰውን የረሳ አለ? በነሐሴ መጀመሪያ፣ ጠዋት ገና ሳይነሱ፣ የተራበ የዋልታ ድብ ድንኳናቸውን ገነጣጠለው። ሲነካ እንዲፈነዳ በዙሪያው የተዘረጋው ሽቦ አልፈነዳም፤ በየተራ የሚጠብቅ ሰውም አልቆመም። አንዱ መሪ ጠብመንጃ ይዞ ወጣ፣ አነጣጠረ፣ ደጋግሞ ሞከረ፣ ጥይቱ ሳይተኮስ እየተስፈነጠረ መሬት ወደቀ! ድቡ እሱንም ፊቱንና ራሱን ነከሰው፤ በዚያ ሁኔታ ነው እንግዲህ ከመሬት ጥይት ለቅሞ፣ አጉርሶ የገደለው። ጀግና ነው፣ አልክድም። ግን የ17 ዓመት ልጅ ሞተ፣ አራት ሰው ቆሰለ።

ሐኪሙም ቢሆን እዚያ አምቡላንስ አይጠራም። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ደም ማቆም፣ ቁስለኛ ማሞቅ የሱ ፈንታ ነው። ውርጭ የመታው ጣት እንደማይታሽ እንኳ ስንቶቻችን እናውቃለን? (እኛ ቤት እኮ መጀመሪያ ማሸት ነው።) ልጄን የምልክ ብሆን ከሲቪው በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማታ ማን ነቅቶ ያድራል? ጠብመንጃውንስ ለጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት ተኩሳችሁ ሞክራችሁታል?