ኢያን ሆልምን ሌላው ሲናገር እዩት

የእንግሊዛዊው ተዋናይ ኢያን ሆልም ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው በ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ላይ የተጫወተውን ሽማግሌውን ቢልቦን ነው። ሚናው ደስ ይላል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በ88 ዓመቱ ያረፈውን ሰው በእሱ ብቻ መለካት ግን ማሳነስ ነው። በእኔ እምነት ሆልምን ትልቅ ያደረገው አብሮት የሚጫወተውን ሰው የማዳመጥ ችሎታው ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ የሰበረውም የዚሁ ችሎታ መክዳት ይመስለኛል።

በ1965 ለንደን ውስጥ በፒተር ሆል አዘጋጅነት በቀረበው የሃሮልድ ፒንተር ተውኔት «ዘ ሆምካሚንግ» ሌኒ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ሌኒ በውድቅት ሌሊት ከወንድሙ ሚስት ከሩት ጋር ይገናኛል። ሊያስፈራራት ስለ ሴቶችና ስለ ዱላ ረጃጅም ታሪክ ይተርክላታል፤ ቀጥሎ የያዘችውን የውሃ ብርጭቆ ልውሰድ ይላል። እምቢ ትለዋለች፣ ትገዳደረዋለች፣ ውሃውን ጠጥታ ፎቅ ትወጣለች፤ እሱ ከኋላዋ እየጮኸ ይቀራል። ፒንተር በጽሑፉ ላይ የት ዝም እንደሚባል ራሱ አመልክቷል። ዝምታውን በሰከንድ የሚቆጥር ተዋናይ ትዕይንቱን ይገድለዋል፤ በዚያች ቅጽበት ሌኒ የሰማውን እየመዘነ ነውና። ሆልም ይህን ሚና ኒው ዮርክ ወስዶት በ1967 የአሜሪካኑን የቴአትር ሽልማት ቶኒን አገኘበት። በ1973 በፊልምም ተቀርጿል።

በ1976 በዩጂን ኦኒል «ዘ አይስማን ኮሜዝ» ሂኪን ሊጫወት ሲዘጋጅ፣ ከምረቃው በፊት በነበሩት ትርኢቶች የመድረክ ፍርሃት ያዘውና ሥራውን ተወ። ሚናው መጨረሻ ላይ እጅግ ረጅም ንግግር አለው። ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ሂኪ ብቻውን ይናገራል። የመድረክ ፍርሃት የሚጀምረው ተዋናዩ ከባልደረባው ይልቅ ራሱን መስማት ሲጀምር ነው። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ይፈልጋል፣ የአሁኑ ይጠፋዋል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ቃለ ተውኔቱ ከነጭራሹ ይሰወራል። ይህን «ስንፍና» ወይም «የነርቭ ድክመት» ማለት ግፍ ነው፤ የሙያው ጉዳት ነው። ሆልም አለፍ አለፍ ከሚል ሥራ በቀር ለዓመታት ከመድረክ ራቀ።

ካሜራው ተቀበለው። በ1979 «ኤሊየን» በተባለው የጠፈር ፊልም ላይ እሱ የሚጫወተው አሽ፣ ሰው የሚመስል ሮቦት መሆኑ ገና ሳይታወቅ፣ መመልከቻው ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በቆመበት እንደ ሯጭ ቶሎ ቶሎ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ግን ፍንጩን ያገኛል።

ከሁሉም የምወደው በ1981 «ቻርየትስ ኦፍ ፋየር» ላይ የሠራው አሠልጣኙ ሳም ሙሳቢኒ ነው። ፓሪስ፣ የ1924 ኦሊምፒክ። ውድድሩ ያን ጊዜ የአማተሮች ሲሆን እሱ በሙያው የሚከፈለው አሠልጣኝ ስለሆነ ስታዲየም አልገባም፤ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። የሚያሠለጥነው ሃሮልድ አብርሃምስ የሮጠበትን የ100 ሜትር ውጤት የሚነግረው የለም። በመስኮቱ የእንግሊዝ ባንዲራ ሲወጣ ያያል፣ መዝሙሩን ይሰማል፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ የገለባ ባርኔጣውን በቡጢ ይበሳዋል። ሩጫውን እሱ ሳያይ ድሉ ሙሉ በሙሉ ፊቱ ላይ ነው። ለዚህ ሚና በረዳት ተዋናይነት ለኦስካር ታጨ፤ ሽልማቱን ጆን ጊልጉድ ወሰደው። «ረዳት» የሚባለው መደብ እንዲህ ያለውን ሥራ ሁሌም ያሳንሰዋል።

በ1993 በአልሜዳ ቴአትር የፒንተርን «ሙንላይት» ይዞ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1997 ደግሞ በ65 ዓመቱ በሪቻርድ አይር አዘጋጅነት በለንደኑ ናሽናል ቴአትር፣ ኮተስሎ አዳራሽ፣ የሼክስፒርን ኪንግ ሊር ሆነ። ሊር የሚሆን ተዋናይ ብዙውን ጊዜ በ3ኛው ገቢር ማዕበል ውስጥ ድምፁን ይጨርስና ከልጁ ከኮርዴሊያ ጋር ለሚታረቅበት ትዕይንት ምንም አይተርፈውም። ኮተስሎ ግን ከናሽናል ቴአትር ሦስት አዳራሾች ትንሹ ነበር፤ ሹክሹክታም ይደርሳል። ሆልም ማዕበሉ ውስጥ ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ቆመ። በ1998 የብሪታንያው የቴአትር ሽልማት ኦሊቪዬ ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ቢቢሲ ቀርጾ አቀረበው። ቅጂውን የሚያገኝ ሰው ወደ ዕርቁ ትዕይንት ይሂድ፤ ኮርዴሊያ ስትናገርም እሱን ይመልከት።