ሁዋን ጋብሪኤል፦ ከዘፋኙ በፊት የግጥምና ዜማ ደራሲው

የሜክሲኮው ሁዋን ጋብሪኤል ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው የሚያብረቀርቅ ልብሱ፣ መድረክ ላይ የሚያፈሰው እንባና አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስጨፍርበት ችሎታው ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ ሰውየውን ግን ያሳንሰዋል። ሁዋን ጋብሪኤል ከምንም በፊት የግጥምና ዜማ ደራሲ ነበር። ዘፈኖቹን የሚሠራው ሌላ ሰው አንስቶ የራሱ እንዲያደርጋቸው አመቻችቶ ነው። የዘፈኖቹ ባለቤትነት ሲያከራክርም ለዓመታት ያልተበገረው ለዚሁ ነው።

ትክክለኛ ስሙ አልቤርቶ አጊሌራ ቫላዴስ ይባላል። በጃንዋሪ 7 ቀን 1950 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሚቾአካን ግዛት፣ ፓራኩዋሮ ተወለደ። አባቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲገቡ እናቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ድንበር ከተማዋ ሲዩዳድ ሁዋሬስ ሄዱ፤ የመጨረሻ ልጃቸውን ማሳደግ ስላቃታቸውም ለአዳሪ ተቋም ሰጡት። እዚያ የቆርቆሮ ሥራና ሙዚቃ ያስተማረው ሁዋን ኮንትሬራስ ነው። የመድረክ ስሙን ያገኘው ከዚህ መምህርና ጋብሪኤል ከሚባሉት አባቱ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በስርቆት ተከሶ በሌኩምቤሪ ወህኒ ቤት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ታስሯል። ዘፋኟ ኬታ ሂሜኔስ ከእስር እንዲወጣ ረድታ ከአርሲኤ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር አገናኘችው፤ በ1971ም «ኖ ቴንጎ ዲኔሮ» የተሰኘው ዘፈኑ ወጣ፤ «ገንዘብ የለኝም» ማለት ነው።

ግጥሙ ተራ ነው የሚሉ አሉ። «አሞር ኤቴርኖ»ን፣ ማለትም «ዘላለማዊ ፍቅር»ን፣ ልብ ብሎ ለሰማ ግን ቅለቱ በሥራ የመጣ ነው። እናቱ በ1974 ሞቱ፤ ዘፈኑንም ለእሳቸው መታሰቢያ አድርጎ ይዘፍነው ነበር። በሰፊው በሚታወቀው ቅጂ ግጥም ውስጥ ግን «እናት» የሚል ቃል የለም። የሄደ ሰው «አንቺ» ወይም «አንተ» ተብሎ ይጠራል፤ ስፓኒሽ ደግሞ እዚህ ላይ ጾታ አይለይም። ስለዚህ ባሏን የቀበረችም ልጁን የቀበረም የሟቹን መጠሪያ ሳይለውጥ ይዘፍነዋል። ዜማው ከታች፣ ከንግግር ብዙም ሳይርቅ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ከፍ ብሎ በረጅም ድምፅ ያርፋል። ብዙ ዘፋኝ የሚያበላሸው መነሻው ላይ ነው። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ያለቅሳል፤ አዝማቹ ሲደርስ የሚጨምረው ነገር ያጣል። ዘፋኟ ሮሲዮ ዱርካል በ1984 ስትቀዳው መነሻውን በልኩ ያዘችው፤ እስከ ዛሬ መለኪያ የሆነውም የእሷ ነው።

ዱርካል የማድሪድ ልጅ ናት፤ ማሪያቺ ከሚባለው የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ ጋር የዘር ዝምድና የላትም። ከ1977 ጀምሮ የእሱን ድርሰቶች በማሪያቺ አጀብ አልበም አድርጋ እየዘፈነች ግን ሜክሲኮዎች እንደ ራሳቸው ቆጠሯት። ለሌላዋ ስፔናዊት ለኢሳቤል ፓንቶሃም በ1988 «አሲ ፉዌ»ን ጻፈላት። የሮክ ባንዱ ማና በበኩሉ የእሱን «ሴ ሜ ኦልቪዶ ኦትራ ቬስ»ን በ1999 ሲጫወተው ዜማው ምንም አልጎደለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ እኛ አልበም ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ» ብለን የምንጽፈው። ሁለተኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ማስተር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ወጪውን የሸፈነው ኩባንያ ነው። ዱርካል የእሱን ዘፈን እንደ አዲስ ስትቀዳ የእሱን ማስተር አትነካም፤ ለድርሰቱ ግን ክፍያ ይታሰባል። ሬዲዮ ሲያጫውተው፣ ፊልም ውስጥ ሲገባም እንዲሁ። አደጋው ወጣቱ ደራሲ የቀረጻውንም የድርሰቱንም ውል ለአንድ ኩባንያ ሲፈርም ይጀምራል። ቅድመ ክፍያው ስጦታ ይመስላል፤ ከሮያሊቲው፣ ማለትም ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ከሚታሰብለት ክፍያ፣ እየተቆረጠ ይመለሳል፤ ዕዳው ካለቀ በኋላም ድርሰቱ እዚያው ይቀራል። አሥር ዘፋኝ ቢያነሳው የአሥሩም ክፍያ መጀመሪያ በሌላ እጅ ያልፋል።

ሁዋን ጋብሪኤል አርሲኤን ከጠቀለለው ቢኤምጂ ጋር የተጣላው በዚህ የድርሰት መብት ነው። ከ1986ቱ «ፔንሳሚየንቶስ» አልበም በኋላ አዲስ ሙሉ የስቱዲዮ አልበም ያወጣው በ1994 ነው። በመሐሉ አዲስ ዘፈን መቅዳት የሚከራከርበትን ክምር ማሳደግ ነበርና መድረክ ላይ ኖረ። በሜይ 1990 ከብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በሜክሲኮ ሲቲው ቤያስ አርቴስ ቤተ ጥበባት ሲዘፍን፣ አዳራሹ ለኦፔራ እንጂ ለእሱ ዓይነት ዘፋኝ አይገባም ብለው የተቃወሙ ነበሩ። የዚያ ዝግጅት ቅጂ ዛሬ ከሥራዎቹ ሁሉ በብዛት ከሚደመጡት አንዱ ነው። በ1994 የዘፈኖቹ ባለቤትነት ለእሱ እንዲሆን ከኩባንያው ጋር ተስማማና «ግራሲያስ ፖር ኤስፔራር» የሚል አልበም ይዞ ተመለሰ፤ «ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ» እንደማለት ነው።

ይህን መንገድ ለማንም ጀማሪ ምከሩ ቢሉኝ አልደፍርም። እሱ ሳይቀዳ የኖረው በስሙ ብቻ አዳራሽ ስለሚሞላ ነው፤ ያ የሌለው ሰው ስምንት ዓመት ቢጠፋ ይረሳል። ጀማሪ ማድረግ የሚችለው ከፊርማው በፊት ነው፦ የድርሰቱን ውል ከቀረጻው ለይቶ መፈረም፣ መብቱ በስንት ዓመት እንደሚመለስለት በቁጥር ማስጻፍ፣ የቅድመ ክፍያው ዕዳ ከየትኛው ገቢ እንደሚቆረጥ መጠየቅ። የመጨረሻውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው።

ሁዋን ጋብሪኤል በኦገስት 28 ቀን 2016 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ሞተ፤ ኢንግልውድ መድረክ ላይ ከዘፈነ ሁለት ቀኑ ነበር። በኦገስት 2019 ደግሞ ከሁዋሬስ ድንበር ማዶ ባለችው ኤል ፓሶ ከተማ፣ አንድ ታጣቂ ገበያ የወጡ ሰዎችን ከጨፈጨፈ በኋላ ሻማ ይዘው የተሰበሰቡ ሰዎች «አሞር ኤቴርኖ»ን ለሟቾቹ ዘፈኑ። የሟቾቹን መጠሪያ መለወጥ አላስፈለጋቸውም።