ጥሬ ቡና የማይገባበት ደሴት

ከኢትዮጵያ ጥሬ ቡና በሻንጣ ይዞ ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ መግባት ይቻላል። የአሜሪካ የደሴት ግዛት ወደ ሆነችው ሃዋይ ግን አይቻልም፤ የተቆላ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ይህን የሰሙ ያገሬ ልጆች ቅር ሲላቸው አይቻለሁ። «ቡናን ለዓለም የሰጠን እኛ፣ ቡናችን በር ላይ ይያዝ?» ይላሉ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ሕጉ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። አገሬም እንዲህ ያለ ጥብቅ በር እንዲኖራት እመኛለሁ።

ነገሩ የክብር ጉዳይ አይደለም። የቡና ፍሬን በስታ የምትገባ፣ ቁመቷ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ጥንዚዛ አለች፤ መነሻዋም አፍሪካ ነው። እንቁላሏን እዚያው ውስጥ ትጥላለች፣ እጮቹም ፍሬውን ከውስጥ ይበሉታል። ላዩ ላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስባቸውም። ሃዋይ ከዚህች ተባይ ነፃ ሆና ረጅም ዘመን ቡና አምርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ኮና በተባለው የቡና አገር ተገኘች። በ2020 ደግሞ ቅጠሉን የሚያረግፈው በሽታ፣ የቡና ቅጠል ዋግ፣ እዚያው ሃዋይ በማዊ ደሴት ታየ። የኮና ገበሬ ዛሬ ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይ የቀረችውን ፍሬ ሁሉ ሳይቀር ማራገፍ አለበት፤ ካላራገፈ የከርሞውን ተባይ በእጁ ቀለበ ማለት ነው።

ደሴት ላይ ጥፋቱ የሚከፋው መጤው ተባይ ጠላቶቹን ትቶ ብቻውን ስለሚመጣ ነው። የደሴቱ ዕፅዋትም አያውቁትም። ስሪ ላንካ፣ ያኔ ሴሎን፣ ስሟ የገነነ የቡና አገር ነበረች። የቅጠል ዋጉ በ1869 ከታየ በኋላ ቡናው ተመናምኖ ጠፋና ተክለኞቹ ወደ ሻይ ዞሩ። ዓለም ዛሬ የሚያውቃት በሻይዋ ነው።

የእኛ ቡና ከቅጠል ዋግ ጋር ለዘመናት አብሮ ኖሯል፤ የከፋና የባሌ ጫካ ቡና ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሌላው ይቆማል። ይህ ሀብት ግን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ ምርቱን ክፉኛ መታው። የጅማ ተመራማሪዎች ከራሳችን ቡና መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጠው ለገበሬው አደረሱ። ያ ሥራ በሚገባው ልክ ሲወሳ አልሰማሁም፤ ያሳዝነኛል።

አገራችን ደሴት አይደለችም፤ ድንበሯ የብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በቆሎአችን ላይ የወረደው መጤ ተምች በክንፉ የመጣ ነው፤ ፈታሽ አያቆመውም። በችግኝ የሚገባውን ግን በር ላይ ማስቀረት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ዛሬ የስንቱን ገበሬ ማንጎ አበላሽቷል! እምቦጭም ጣናን ከያዘ በኋላ ነው የነቃነው። ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው የነቀሉትን ገበሬዎች ሳስብ ልቤ ይነካል፤ ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው አረሙ ከገባ በኋላ ነው።

ሃዋይም አልተሳካላትም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ትንሿ እሳት ጉንዳን በ1999፣ የኮኮናት ዛፍ የሚያደርቀው ባለቀንድ ጥንዚዛ በ2013 በራቸውን አልፈው ገብተዋል። እነሱ ግን በሩን ማጥበቃቸውን አልተዉም። በ2025 በወጣ ሕግ የእርሻ መሥሪያ ቤቱን የእርሻና የባዮሴኪዩሪቲ፣ ማለትም መጤ ተባይና በሽታ እንዳይገባ የመጠበቅ፣ መሥሪያ ቤት አድርገውታል። ከሌላው የአሜሪካ ክፍል የሚመጣ መንገደኛ እንኳ ተክል፣ ዘር ወይም እንስሳ መያዝ አለመያዙን በቅጽ ያስታውቃል።

እኔ ወደ አገር ቤት ስገባ ግን ስለ ስልክና ስለ ላፕቶፕ እንጂ ስለ ዘር የጠየቀኝ የለም። እኛ ዳያስፖራዎች ደግሞ በፍቅር ብዙ እንጭናለን፦ ለእናት ጓሮ የአበባ ሥር፣ ለአጎት ማሳ የአቮካዶ ቅርንጫፍ። በቅርንጫፉ ላይ የተጣበቀውን እንቁላል ግን በዓይናችን አናየውም። ስለዚህ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ የሌለው ችግኝ ማንም ዘመድ ቢለምን አይጫን። ከማረፋችን በፊትም በአውሮፕላኑ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ «ዘር ወይም ችግኝ ይዘዋል?» የሚል ማስታወቂያ ይነገር፤ የያዘ ሰው ሳይቀጣ የሚያስረክብበት ሣጥንም መውጫው ላይ ይቀመጥ።