ለክቡር የደመወዝ ጣሪያ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከራሴ ላይ እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆንኩ ተራ የባርሳ ደጋፊ ነኝ። እርስዎ ደግሞ የስፔኑ ላሊጋ እ.ኤ.አ. በ2013 የወለደዎት የደመወዝ ጣሪያ ነዎት፤ ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚያወጣውን ይገድባሉ፣ ከልክ ካለፈም አዲስ ተጫዋች እንዳይመዘገብ ይከለክላሉ። በአካል አንተዋወቅም። ሆኖም ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከእኔ ጋር ቁርስ በልተዋል፣ ታክሲ ተሰልፈዋል፣ ዲኤስቲቪ ቤት አብረውኝ ገብተው ሳይከፍሉ አይተዋል።

ድሮ ከጨዋታ በፊት የምንጠይቀው "ማን ይሰለፋል?" ብለን ነበር። አሁን "ማን ተመዘገበ?" ሆኗል። በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ጥግ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ፤ "ኦዲተሩ" እንለዋለን። ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ከፍቶ ነው ጨዋታ የሚያየው። አጥቂው ሌዋንዶውስኪ ኳስ ሲስት ሌላው ሰው ይራገማል። እሱ ግን "ይሄ ቢሸጥ ከደመወዙ ስንት ይለቀቅልናል?" ይላል። ጎል ሲገባም ቶሎ አይጨፍርም። መጀመሪያ "ለጎል ቦነስ አለው እንዴ?" ብሎ ያጣራል። እንዲህ ያደረጉን እርስዎ ነዎት።

የ2021ን ክረምት መቼም አይረሱትም። ሜሲ በ13 ዓመቱ መጥቶ፣ 672 ጎል አግብቶ፣ በ34 ዓመቱ "ቦታ የለህም" ተባለ። ደመወዙን በግማሽ ለመቀነስ ተስማምቶ እንኳ እርስዎ ጋ አልገባም። እሁድ ቀን ነበር፣ ውጭ ዝናብ ይወርዳል። ሜሲ በስንብቱ መግለጫ ላይ ሲያለቅስ ሚስቱ ሶፍት ስታቀብለው ዲኤስቲቪ ቤቱ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጠው የማድሪድ ደጋፊ ሻይዬን ከፈለልኝ። የማድሪድ ደጋፊ ሲያዝንልህ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ይገባሃል።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው አልልም። ፕሬዚዳንቱ ላፖርታ ራሱ በዚያው ሰሞን የደመወዝ ወጪው ከክለቡ ገቢ 103 በመቶ ደርሷል፣ ዕዳውም 1.35 ቢሊዮን ዩሮ ነው ብሎ ተናግሯል። መቶ ብር እያገኘ መቶ ሦስት ብር ደመወዝ የሚከፍል ባለሱቅ ሰፈራችን ቢኖር ሚስቱ ቁልፉን ትቀማው ነበር። ግን እርስዎም አበዙት። በመጋቢት 2022 የባርሳ ጣሪያ ስንት እንደሆነ አሳወቁ፤ ከዜሮ በታች 144 ሚሊዮን ዩሮ። የማድሪድ 739 ሚሊዮን ነበር። የእኔ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፣ ክረምት ሲሆን ሥሩ ሳፋ እናስቀምጣለን። ከመሬት በታች ግን ገብቶ አያውቅም።

ጭቅጭቁ የተጀመረው ያኔ ነው። ቡድኑ ፈርሶ እንደገና ይሠራ፣ ወይስ እየተጠገነ ለዋንጫ ይፎካከር? ኦዲተሩ "ይፍረስ" ባይ ነው። ውዶቹ ይሸጡ፣ ሦስት ዓመት አንገት ይደፋ፣ ልጆች ይደጉ፣ ከዚያ እንመለሳለን ይላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ባርሳ የአባላት ክለብ ነው፣ ፕሬዚዳንቱም በድምፅ ይመረጣል። "ምረጡኝና ሦስት ዓመት አብረን እንሸነፍ" ብሎ የሚያሸንፍ ተወዳዳሪ እስካሁን አላየሁም።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በዚህ ነገር ይስቅብናል። እዚያ በእጅ የሚጫወቱት "ፉትቦል" ጣሪያው ለሁሉም እኩል ነው። በ2025 ለ32ቱም ቡድኖች 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያ ላይ የባሰበት ቡድን ከኮሌጅ ከሚመጡት ልጆች ቀድሞ ይመርጣል። የእሱ ዋሽንግተን በ2023 ከ17 ጨዋታ 4 ብቻ አሸንፎ ዋለ። በዚህ ውርደት ምክንያት ሁለተኛው ምርጫ ደረሰውና ጄደን ዳንኤልስ የተባለውን ልጅ ወሰደ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ከሱፐር ቦውል (ከዋንጫው ጨዋታ) አንድ ጨዋታ ቀርቶት ነበር የተሸነፈው። እዚያ መውደቅ ራሱ ይከፍላል፤ ለወደቀው ማለቴ ነው።

እርስዎ ግን ለወደቀ አያዝኑም። ከገቢ ጋር ነው የታሰሩት። ቡድን ሲዳከም ከቻምፒየንስ ሊግ ይወጣል፣ ገንዘቡ ይቀራል፣ ገንዘቡ ሲቀር እርስዎ ደግሞ ዝቅ ይላሉ። ጎንበስ ብሎ ሊያልፍ የሞከረውን ጭራሽ አናቱን የሚለው በር ምን ይባላል? ደግሞ ጣሪያውን ያለፈ ክለብ አራት ዩሮ ቆጥቦ አንዷን ብቻ ያውጣ ያሉበት ጊዜም ነበር። እቤቴ እንዲህ ያለ ሕግ አውጥቼ ነበር፣ ማክሰኞ ተሽሯል።

እናም ባርሳ ፈርሶ መሠራትን ትቶ መፈንቀልን መረጠ። "ፓላንካ" አሉት፣ መፈንቀያ ማለት ነው። ከላሊጋ የቴሌቪዥን ገቢው ሩቡን ለ25 ዓመት ሸጠ። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት "የልጅ ልጆቹን እቁብ ቀድሞ አወጣ በለኛ" አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ትንታኔ ቴሌቪዥን ላይ አልሰማሁም። በገንዘቡ ሌዋንዶውስኪ፣ ራፊንያ፣ ኩንዴ መጡ። ኩንዴ ተገዝቶም ሳይመዘገብ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ቁጭ ብሎ አየ። በመስከረም እርስዎ 656 ሚሊዮን ደረስኩ አሉ። በዓመቱ ወደ 270 ሚሊዮን ወረዱ። ይህ ጣሪያ ነው ወይስ የግንባታ ሊፍት?

ሽያጩ በተደረገበት የውድድር ዘመን ሊጉን በላን። በአውሮፓ ግን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ከቻምፒየንስ ሊግ ምድብ ወጥተን ወደ ሐሙሱ ዩሮፓ ሊግ ወረድን። እውነቱን ልንገርዎ፤ ያ ሽያጭ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ዋንጫው ግን ጣፍጦኛል። ሁለቱም እኔ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፣ ኪራይ አይከፍሉም።

የምር የማልረሳልዎት የ2024ን ነሐሴ ነው። ዳኒ ኦልሞ መጣ። ላማሲያ፣ የባርሳ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ፣ ያደገ ልጅ ነው፣ ባርሳ ወደ 55 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ የራሱን ልጅ መልሶ ገዛው። እርስዎ ግን "አይመዘገብም" አሉ። ሁለት ጨዋታ አመለጠው። ከዚያ ተከላካያችን ክሪስተንሰን የአኪለስ ጅማቱን ታመመ የሚል ዜና መጣ። በሕግዎ መሠረት ለረጅም ጊዜ ከተጎዳ ተጫዋች ደመወዝ 80 በመቶውን ለሌላ ምዝገባ መጠቀም ይቻላል። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ። እኔ ነበርኩ። "እግዜር ይማርህ" ከማለታችን በፊት "ስንት ወር ይተኛል?" ብለን ጠየቅን። ኦልሞ በራዮ ቫዬካኖ ሜዳ ተቀይሮ ገብቶ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። እኔም በሰው ጅማት ደስ ሲለኝ አመሸሁ።

በዚህ አላበቃም። ዓመቱ ሲያልቅ የኦልሞ ምዝገባ ተሰረዘ። ክለቡ ግንባታው ያላለቀ ስታዲየም ውስጥ የቪአይፒ መቀመጫ በ100 ሚሊዮን ዩሮ ሸጦ ሮጠ። (ያላለቀ ሕንፃ ላይ መሸጥን እዚህ ማንም አያስተምረንም።) በመጨረሻ የስፔን መንግሥት የስፖርት ምክር ቤት ኦልሞን በጊዜያዊነት አስገባው። በ2025 ክረምት ደግሞ በረኛው ጆአን ጋርሲያ መጣ። እሱን ለማስመዝገብ የነባሩ በረኛና አምበል የቴር ስቴገን የጀርባ ሕመም በሐኪም ወረቀት መረጋገጥ ነበረበት። ቴር ስቴገን አልፈርምም አለ፣ አምበልነቱን ተቀማ። በማግስቱ ፈረመ፣ አምበልነቱ ተመለሰለት። አምበልነት እንደ ቀበሌ መታወቂያ በፊርማ ሲታገድና ሲለቀቅ አየን።

የእርስዎ ዘመድ እኛም ጋ መጥቶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የፕሪሚየር ሊጉ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር አይለፍ አሉ። ጣሪያው ተመትቶ ሳያልቅ ከሥሩ የድብቅ ክፍያ ኮርኒስ ተወጥሯል የሚል ሐሜት ተነሣ። ኮርኒስ ውስጥ ምን እንደሚሮጥ ደግሞ ያውቃሉ።

አሁን የሚያበሳጨኝን ልንገርዎ። ሜሲ በሄደ በወሩ የ17 ዓመቱ ጋቪ ከላማሲያ ገባ። በሚያዝያ 2023 ላሚን ያማል በ15 ዓመቱ ተሰለፈ። ኩባርሲ በ16 ዓመቱ መጣ። በ2025 ሊጉን ስናነሳ ገንዘብ ቢኖረን ኖሮ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ የማናያቸው ልጆች ነበሩ ሜዳውን የሞሉት። በአፋችን ስንፎካከር ከርመን፣ ለካ ቤቱ በጓሮ በኩል ይሠራ ነበር። ማንም አላቀደውም። ኦዲተሩ "አላልኳችሁም?" እያለ ሁለት ሳምንት አስቸገረን። እኔ ግን ለእርስዎ ምስጋና አልጽፍም። ጎረቤት ውሃ ቢዘጋብኝና ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ባገኝ፣ ጎረቤቴን አላመሰግንም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ቢያንስ ቅዳሜና እሁድ ፈቃድ ወስደው እንዲያርፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ መመለስ ይችላሉ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደከመው ደጋፊ

ግልባጭ፦
ለኦዲተሩ፣ ቁጥሮቹን እንዲያጣራ
ለክሪስተንሰን ጅማት፣ ከይቅርታ ጋር
ለባለቤቴ፣ የማክሰኞው ሕግ ዳግም እንዲታይልኝ