«ብዬ ነበር»

እሁድ ንጋት ላይ የዩኤፍሲ (ቡጢ፣ ካልቾና ትግል የሚደባለቁበት የኤምኤምኤ ስፖርት ትልቁ ድርጅት) ፍልሚያ ማየት በራሱ ቅጣት ነው። ቅዳሜ ማታ ላስ ቬጋስ የሚጀመረው ዋና ፕሮግራም እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሊነጋ ሲል ነው። ሰፈሩ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዳሴ ሲወጣ፣ እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ እናያለን። ይሄን ኃጢአት ተሸክሜ ነው ሰኞ ቢሮ የምገባው። እንቅልፉን ለጥ ብሎ ያደረው ባልደረባዬ ግን ውጤቱን ቴሌግራም ላይ አይቶ በር ላይ ይጠብቀኛል። ያልተጠበቀው ሰው አሸንፎ ከሆነማ አያድርስ ነው።

«አየህ አይደል? ብዬ ነበር እኮ!»

መቼ? ለማን?

ሰሞኑን ደግሞ ብሶበታል። ትንቢቱን ወደ ኋላ ማራዘም ጀምሯል። ሊዮን ኤድዋርድስ በ2022 ካማሩ ኡስማንን የጣለበት ካልቾ ስልኩ ላይ መጣለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ስፖርቱም የፈረንጅ ነውና።) ኡስማን በዩኤፍሲ 15 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ የመጣ ሻምፒዮን ነው። አምስተኛው ዙር ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳን አልቀረውም። በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ እየመራ ነው። የኤድዋርድስ አሰልጣኝ በእረፍቱ ጮኾበት ጮኾበት ድምፁ ሊዘጋ ደርሷል። ከዚያ በግራ እግር አንድ ካልቾ፣ ጭንቅላት ላይ። አለቀ። ባልደረባዬ ቪዲዮውን አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኡስማን ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።»

ሻዩን ፉት አለና ጨመረበት። «ለነገሩ በኤምኤምኤ ማንም ማንንም ሊያሸንፍ ይችላል።»

ቆይ እስቲ። ማንም ማንንም የሚያሸንፍ ከሆነ አንተ እንዴት አወቅህ? ሁለቱ ነገሮች አንድ አፍ ውስጥ እንዴት ተስማምተው ያድራሉ?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እንደ ሁላችንም በውሻው ስቄ ነው ያደግሁት። ዕድሜዬ ሲጨምር ግን ለውሻው ማዘን ጀመርኩ። ፈርቶ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ በማንም ይደርሳል። ደግሞስ ምን አጠፋ? ዘግይቶም ቢሆን ጮኸ። አጥሩ ሥር ተጎልቶ «ጅቡ እንደሚመጣ አውቄው ነበር፣ አረማመዱ ያስታውቅ ነበር» አላለም። ለጎረቤት ውሾችም ትንታኔ አልሰጠም። ከባልደረባዬ ጋር ሳስተያየው ጨዋ ፍጡር ነው።

ያም ሆኖ «ማንም ማንንም» የምትለዋን እንዲሁ ማለፍ አልፈልግም፣ ግማሽ እውነት አለባትና። በዚህ ስፖርት ግምት የተሰጠው ሰው መሸነፉ ብርቅ አይደለም። በጥቅሉ ሲታይ ከሦስት ፍልሚያ በአንዱ ገደማ ኦዱ (የአቋማሪዎቹ ግምት) ያልደገፈው ሰው እጁ ከፍ ይላል። ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ ለጥቂት የተበላለጡ ናቸው። አንዱ በፀጉር ስስት በልጦ ስለተገመተ የሌላው ማሸነፍ ተአምር አይባልም። እውነተኛዎቹ ተአምራት ጥቂት ናቸው። ማት ሴራ በ2007 ሻምፒዮኑን ጆርጅ ሴንት ፒየርን በመጀመሪያው ዙር ሲዘርረው፣ ጁሊያና ፔኛ በ2021 ሻምፒዮኗን አማንዳ ኑኔስን አንቃ እጅ ስታሰጣት። እስከ ዛሬ የምናወራቸው እኮ ብርቅ ስለሆኑ ነው።

ሌላው ስፖርት ለጎበዙ ይራራል። የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን በአንድ ጨዋታ ከ100 ነጥብ በላይ ያስቆጥራል። ዕድል አንድ ሁለቴ ብትጨክንበት የሚካስበት ሰዓት ሞልቶታል። በጥሎ ማለፉም ለመጣል አራት ጊዜ መሸነፍ አለበት። ቴኒስም ያው ነው። ናዳል በፓሪሱ ውድድር ሮላንድ ጋሮስ ላይ 112 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ነው። አምስት የቴኒስ ዙር ሙሉ ዕድሉ እየቀናው ናዳልን በሸክላው ሜዳ ላይ የሚረታ ሰው ከየት ይመጣል? እግር ኳስ ትንሽ ወደኛ ይጠጋል፣ ጎል ውድ ነውና። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2022 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲናን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ዓለም ጉድ አለ። አርጀንቲና ግን ሌላ ጨዋታ ነበራት። ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ ዋንጫውን ይዛ ገባች። ተፋላሚ ቀበቶውን አንዴ ካስረከበ ወራት ይጠብቃል፣ አንዳንዱም ዳግም ሳያየው ጡረታ ይወጣል።

ጓንቱን እንኳን እዩት። አራት አውንስ ገደማ ነው፣ የቦክሱ ስምንት ወይም አሥር። በዚያች ስስ ጓንት አንድ ቡጢ በትክክል ካረፈ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው። ቡጢውን ብታመልጥ ካልቾ አለ፣ ክርን አለ፣ ጉልበት አለ፣ ማነቆ አለ፣ ክንድ ጠምዛዥ አለ። ፌዶር ኤሚሊያኔንኮ ለአሥር ዓመት ያህል የሚጥለው ጠፍቶ ኖሮ በ2010 ፋብሪሲዮ ቨርዱምን መታና ጣለው። ሊጨርሰው ላዩ ላይ ወጣ። ቨርዱም ጀርባው መሬት ላይ እያለ በእግሮቹ አንገቱን ቆለፈው። ከተጀመረ 69 ሰከንድ። ቡጢ ብቻ በሚቆጠርበት ስፖርት ቢሆን ኖሮ ፌዶር እያሸነፈ ነበር።

ቦክስ ካነሳሁ አይቀር። ቦክስ ላይ ያልተጠበቀ ውጤት ጥቂት የሆነው ቦክሰኞቹ የበለጠ ጎበዝ ስለሆኑ ነው የሚሉኝን ሰዎች መስማት አልችልም። አዘጋጆቹ ናቸው ጎበዞች! ልጁን ገና ሲጀምር ከአሮጌ ጋር፣ ከሰካራም ጋር፣ ከታክሲ ሾፌር ጋር እያገናኙ 20 ለ 0 ያደርሱታል። ከዚያ «ያልተሸነፈው» ብለው ትኬት ይሸጡልናል። መዝገቡ እንዳይቆሽሽ ከእኩያው ጋር ሳይገናኝ ዓመታት ይነጉዳሉ። ስንቱን የምንጠብቀውን ግጥሚያ ያስረጁብን እነሱ ናቸው። ደግሞም በዚያ ሁሉ ጥበቃ መሀል ባስተር ዳግላስ በ1990 ቶኪዮ ላይ ታይሰንን አሥረኛው ዙር ላይ ዘረረው። 42 ለ 1 የተገመተበት ሰው! ዩኤፍሲ ብዙ ኃጢአት አለበት፣ ለተፋላሚ የሚከፍለውን ገንዘብ ካነሳን አንስማማም። ጥሩውን ከጥሩ ጋር ለማጋጠም ግን አይሰስትም። በእኩዮች መሀል ደግሞ ግምት ቶሎ ይፈርሳል።

እና ተአምር ያልኳቸውም ቢሆኑ ሎተሪ አይደሉም። የዩኤፍሲ ሻምፒዮኗ ሮንዳ ራውዚ ተቀናቃኞቿን በ16፣ በ14፣ በ34 ሰከንድ ስትጨርስ ከርማ በ2015 ሜልቦርን ላይ ሆሊ ሆልምን ገጠመች። ሁለተኛው ዙር ላይ በካልቾ ወደቀች። «በቃ ዕድል ነው» አሉ። ሆልም በቦክስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ሴት ናት። ራውዚ እየሮጠች ስትመጣ ዞር ማለት፣ መምታት፣ እንደገና ዞር ማለት። እቅዱ ይኸው ነበር፣ ያንኑ ሠራች። የስንት ወር ላቧን በአንድ «ማንም ማንንም» መጥረግ ነውር አይደለም?

ዕድል ነው የሚሉትስ የመልሱን ፍልሚያ ለምን አያዩም? ሴንት ፒየር ሴራን፣ ኑኔስም ፔኛን በመልሱ አሸንፈው ቀበቷቸውን አስመልሰዋል። ኤድዋርድስ ግን ኡስማንን በ2023 ለንደን ላይ እንደገና ረታው፣ ያውም አምስት ዙር ሙሉ በነጥብ። አንዱ ዕድል ነበር፣ አንዱ አልነበረም። ይሄንንም ቢሆን ያወቅነው ከሁለተኛው በኋላ ነው።

«አውቄው ነበር» ለማለት መብት ያለው ሰው ካለ ኔት ዲያዝ ነው። በ2016 መዝገቡ ላይ 10 ሽንፈት ይዞ፣ ግጥሚያው 11 ቀን ሲቀረው ተጠርቶ ዝነኛውን ኮኖር ማክግሬገርን ሁለተኛው ዙር ላይ አንቆ እጅ አሰጠው። ማይክ ሲሰጡት አልተገረምኩም አለ። እዚህ ላይ የማልጽፈው ስድብም ጨመረበት። ያምርበታል። አንገቱን ለፍልሚያው አቅርቦ ነው የተናገረው። የኛዎቹ ነቢያት ግን የአሥር ብር ቲኬት እንኳን አልቆረጡም። ሌስተር በ2016 ሊጉን ሲወስድ ኦዱ 5000 ለ 1 ነበር። የዚያን ዓመት «ብዬ ነበር» ያለኝ ሰው ሁሉ እውነቱን ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ የሚሊየነር መንደር በሆነች።

ባልደረባዬን ባለፈው አርብ ያዝኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብኩለት። «የእሁዱን አሸናፊ አሁን ጻፍልኝ፣ ፈርምበት» አልኩት። ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ። «ፊፍቲ ፊፍቲ ነው ወንድሜ» ብሎ ስብሰባ አለብኝ አለ።

ይሄ በሽታ የሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተንጨረጨርኩ። የቆየ ቂም አለኝ። በ2011 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ፣ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ እሁድ ነው። የአርሰናል ደጋፊዎች ቀኑን አይረሱትም፣ በዚያው ቀን ማታ ነው ማንቼስተር 8 ለ 2 የተጫወተባቸው። አንድ ካፌ ውስጥ ሩጫውን እያየን ነው። አራት ጊዜ በተከታታይ ወርቁን የወሰደው ቀነኒሳ አቋርጦ ወጣ። ካፌው ዝም አለ። አምስት መቶ ሜትር ገደማ ሲቀር ሞ ፋራህ ተፈትልኮ ሄደ። ባለቤቱ ሪሞቱን አነሳና «በቃ፣ ይሄ አለቀ» ብሎ የእንግሊዝ ኳስ ወደሚያወሩ ሰዎች ቀየረው። ጮኽን፣ ጠረጴዛ ደበደብን። ሲመልሰው ውድድሩ አልቋል። ኢብራሂም ጄይላን፣ ብዙዎቻችን ስሙን ለመያዝ ገና የምንታገለው ልጅ፣ ፋራህን መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ይዞት በሩብ ሰከንድ ያህል ቀድሞታል። በዓይናችን ማየት የነበረብንን እንደ ዜና ሰማነው።

ባለቤቱ ትሪውን እየጠረገ መጣ። «ልጁ አጨራረስ እንዳለው ድሮም አውቅ ነበር፣ ብያችሁ ነበር እኮ» አለን።

የማኪያቶውን ሒሳብ ሙሉውን ተቀበለኝ።