የሥዕሉ ኮረብታ የማን ነው?

በቅርቡ ድሬዳዋ ውስጥ በተካሄደ አንድ የሥነ ጥበብ ውይይት ላይ ተናጋሪው የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የቤኖዞ ጎዞሊን «የሰብአ ሰገል ጉዞ» የተባለ የግድግዳ ሥዕል አሳይተው ሁለት ነገር አስተማሩን፤ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1439 የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ በጣሊያኗ ፍሎረንስ ለተደረገው ጉባኤ የገቡትን እንግዶች አጀብ እንዳለ ያስቀረ መዝገብ መሆኑን፣ ከጀርባ ያለው ኮረብታና ዛፍ ደግሞ «ግድግዳ መሙያ» መሆኑን። አዳራሹ አጨበጨበ። ለወጣት ሠዓሊዎች እንዲህ ያለ ንባብ ሲታደል ግን ዝም ማለት አይገባም።

የመጀመሪያውን ማፍረስ ቀላል ነው። ጎዞሊ ይህን ሥዕል በፍሎረንሱ ባለጠጋ በሜዲቺ ቤተሰብ የግል ጸሎት ቤት ግድግዳዎች ላይ የሣለው በ1459 ገደማ፣ ከጉባኤው ሃያ ዓመት በኋላ ነው። በአጀቡ መካከል የምናየው የቤተሰቡ ልጅ ሎሬንዞ ደ ሜዲቺ የተወለደው በ1449 ነው። ገና ያልተወለደን ልጅ ከእንግዶቹ ጋር ያሰለፈ መዝገብ ምን ዓይነት መዝገብ ነው?

የሚያናድደው ሁለተኛው ነው። ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ ወደ ቤተልሔም የተጓዙ ናቸው፤ ጎዞሊ ግን አናቱ ላይ ግንብ ከተቀመጠበት ተራራ ተነሥተው፣ ፍሎረንስ በምትገኝበት በቶስካና ኮረብቶች መካከል እየተጠማዘዙ ሲወርዱ፣ በየጥጉም አዳኞች አውሬ ሲያሳድዱ ነው ያሳየን። የቤተልሔም መንገድ በሜዲቺዎች አገር እንዲያልፍ ተደረገ ማለት ነው! እነርሱ ደግሞ በስም ሪፐብሊክ በሆነች ከተማ ዘውድ ሳይጭኑ በገንዘብ የሚገዙ የባንክ ባለቤቶች ነበሩ። ኮረብታውን አንሡትና የሚቀሩት የክት ልብስ የለበሱ ሀብታሞች ናቸው፤ የንጉሥ አጀብ ያስመሰላቸው ከኋላቸው የተዘረጋው መሬት ነው። ይህን መሙያ የሚል ሰው ሥዕሉን አላየውም።

የቤተሰቡ አባት ኮሲሞ በቅሎ ላይ የተቀመጠው «ስላረጀ ነው» ተብሎ በዚያው ውይይት መነገሩም አስገርሞኛል። ሰባ ዓመት እንደሞላው አልክድም፤ ሠዓሊ ግን ለሽማግሌ ፈረስ መስጠት አያቅተውም፣ ለልጁ ለፒየሮ ነጩን ፈረስ እንደሰጠው። በእኛ አገር መኳንንት በጉዞ ላይ ሠጋር በቅሎ ሲቀመጡ ክብር ነበር፤ በዚያ ሥዕል ግን በቅሎዋ ትሕትናን ታሳያለች፣ ጌታ በአህያ ወደ ኢየሩሳሌም መግባቱንም ታስታውሳለች። ያን ሁሉ መሬት ከኋላ ዘርግቶ ከፊት ትሑት መምሰል የታሰበበት ፖለቲካ እንጂ የጉልበት መድከም አይደለም።

ተናጋሪው ሲያበቁ የሐረር ሠዓሊዎች የራስ መኮንንን አጀብ በዚሁ አርአያ «እንደነበረ» እንዲሥሉ መከሩ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር የገባውን፣ መኮንንንም ለከተማዋ ገዥነት ያበቃውን የምኒልክን ሠራዊት መሣል የሚፈልግ ሰው፣ ገና ቀለም ሳይበጠብጥ፣ ከጁገል ግንብ ውጭ ከሠራዊቱ ጋር መቆሙን ወይም ከግንቡ ውስጥ ሆኖ የሚመጣውን ማየቱን መምረጥ አለበት፤ «እንደነበረ» የሚለው ምክር ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ አልነገረንም።