ብሎግ ዘግቶ «ቴሌግራም አለን» ማለት መልስ አይደለም

አባል የሆንኩበት አንድ የሙያ ማኅበር አለ። የሕግና የሰው ሀብት ባለሙያዎች ነን። ባለፈው ሳምንት አመራሩ ለሁላችንም አጭር መልእክት ላከ፦ ብሎጋችን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ቻናላችንና በቲክቶክ ይሆናል። ሦስት ምክንያት ተሰጥቷል። አንባቢ የለም፤ የሆስቲንግ፣ ማለትም ብሎጉ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ክፍያው በዶላር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ቃል በቃል «በአማርኛ ጎግል የሚያደርግ ሰው የለም» ይላል።

ሦስተኛውን ሁለቴ አነበብኩት። ይህን የጻፈው ባለሙያ ነው። በየቀኑ ከሰው ጋር የሚውል ባለሙያ!

የለም? እኔ የምይዘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ መጀመሪያ የሚያወጣው ስልኩን ነው። «እዚህ ላይ እንዲህ ይላል» ይለኛል። ፈልጎ ያገኘው ነው፤ በአማርኛ። ችግሩ ያገኘው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳዩኝ የዓመት ፈቃድ 14 ቀን ነው የሚል ጽሑፍ ነው። ይህ ድሮ ነበር፣ በአዋጅ ቁጥር 377/1996። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ተቀይሯል። የቀኑ ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ከሩብ እጥፍ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ወጥቷል። ሰዉ ግን ዛሬም በድሮው ሒሳብ ይከራከራል፤ አሠሪውም በድሮው ሒሳብ ይከፍለዋል።

የሚያሳዝነው የኛው ማኅበር ብሎግም 14 ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አሳስቤያለሁ፤ ያስተካከለው የለም። ጽሑፉ ላይ መቼ እንደተጻፈ ቀን እንኳ የለም። እንዲህ ተጥሎ የከረመ ቤት «የሚገባበት የለም» ተብሎ ሲፈረድበት እንዴት ዝም ይባላል?

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። አንድ ሰው ዛሬ ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው እንበል። አራት ዓመት ሠርቷል። ቤት ገብቶ ለባለቤቱ እንዴት እንደሚነግራት ያስባል። ልጆቹ ይተኛሉ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩን አንስቶ «ከስራ ስባረር ስንት ብር ይከፈለኛል» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሰው የማኅበራችን አባል አይደለም። የቻናላችንን ስም አያውቅም። ጠበቃ አያውቅም፤ ቢያውቅም በዚያ ሰዓት አይደውልለትም። ያለው አንድ የመፈለጊያ ሳጥን ነው። እዚያ ሳጥን ውስጥ የጻፈውን ጥያቄ የሚመልስለት፣ በባለሙያ የተጻፈ፣ ስምና ቀን ያለው አንድ ገጽ ቢያገኝ ሌሊቱ ይለወጣል።

ምን ያነባል? የቀን ደመወዙ 400 ብር ከሆነና የስንብት ክፍያ የሚያሰጠው ምክንያት ካለ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 12,000 ብር ያገኛል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ 4,000 ብር። ለአራት ዓመት 24,000 ብር መጣ ማለት ነው። ጣሪያው የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ነው። ይህን በአምስት መስመር መጻፍ ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚከስ ከሆነ ያለው ጊዜ 3 ወር ነው። ከዚያ ካለፈ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ሦስት ወር ከአንድ ቀን ያለፈበት ሰው ቢሮዬ ሲመጣ ፊቱን እያየሁ «አልፎብሃል» ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ብሎግ ይዘጋ ብሎ ባልጻፈ ነበር።

አሁን ያንኑ መረጃ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። ጠዋት ለጠፋችሁ። ቀን ላይ የስብሰባ ጥሪ መጣበት። ማታ የበዓል መልካም ምኞት ፖስተር መጣበት። በማግስቱ የሐዘን መግለጫ፣ የመዋጮ ማስታወሻ፣ የሥልጠና ማስታወቂያ። በሳምንቱ ራሴ የለጠፍኩትን እኔ ራሴ አላገኘውም። ቻናል ወራጅ ውኃ ነው፤ ቀርቦ የቆመ ሰው ይቀዳል፣ ዘግይቶ የመጣው ግን ያለፈውን አያገኝም። የተባረረ ሠራተኛ ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የሚባረርበትን ቀን አስቀድሞ አውቆ ቻናል የሚከታተል ሰው የለም!

«ቻናሉ ላይ ሺዎች አሉ» ይሉኛል። አሉ። እነማን ናቸው? እኛው ነን። የሕግ ሰው ለሕግ ሰው ይለጥፋል፤ የሰው ሀብት ኃላፊው አይቶ ልብ ይጫናል፤ አበቃ። ይህን ለሕዝብ መድረስ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። ብሎግ ለማናውቀው ሰው የምንጽፍበት ቦታ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

በዚያ ላይ ደግሞ ቤቱ የኛ አይደለም። የካቲት 2015 ዓ.ም ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገር ውስጥ ሲገደቡ የሆነውን ረስታችሁታል? እስከ ሐምሌ ነው የቆየው፤ አምስት ወር ገደማ። ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ቀረ። አምስት ወር ማለት ለአንድ የተባረረ ሠራተኛ የክስ ጊዜው አልፎ ሁለት ወር ማለት ነው። አዎ፣ ድረ ገጽም ይዘጋል። እስከ 2010 ዓ.ም ከ200 በላይ ድረ ገጾች ተዘግተው እንደነበር አውቃለሁ። ግን የራሱ ገጽ ያለው ሰው ጽሑፎቹ በእጁ ናቸው፤ ነገ ሌላ ቦታ ይተክላቸዋል። ቻናል ላይ ብቻ የኖረ ሰው ምን ይዞ ይወጣል?

ስለ ዶላሩ ብዙ አልልም። እውነት ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሆስቲንግ በብር ሲታሰብ ከብዷል። ግን ብሎገርም ሆነ ዎርድፕረስ በነጻ የሚሰጡት አለ። ለባነርና ለስቲከር የምናወጣውን ያየ ሰው የገንዘብ ችግር አለብን አይልም።

ወደ «አንባቢ የለም» እንመለስ። ብሎጋችንን ክፈቱት። ስልክ ላይ ክፈቱት፤ ሰዉ የሚያነበው በስልክ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የአዳራሽ ፎቶ ነው፤ ከካሜራ እንደወጣ ሳይጨመቅ የተሰቀለ። ያ ፎቶ እስኪወርድ የሰውየው ፓኬጅ ያልቃል። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት። ከዚያ የጠቅላላ ጉባኤ ዜና። ጽሑፎቹ አራተኛ ደረጃ ላይ ናቸው፤ ርዕሳቸው ደግሞ «የሥራ ውል መቋረጥ ሕጋዊ አንድምታዎች» የሚል ዓይነት ነው። ማነው በሌሊት «ሕጋዊ አንድምታ» ብሎ የሚፈልገው? ሰው የሚጽፈው ጥያቄውን ነው። ርዕሱ «ከሥራ ስባረር ስንት ብር ይከፈለኛል?» ይሁን። ሙያውን አያዋርደውም። እንዲያውም ደንበኛዬ ጥያቄውን የጠየቀበትን ቃል አክብሬ ስጽፍ ነው ባለሙያ ነኝ የምለው።

የፊደሉም ነገር አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም። እኛ «የዓመት ፈቃድ» እንጽፋለን። ሰዉ «የአመት ፍቃድ» ብሎ ይፈልጋል። እኛ «ሥራ»፣ እሱ «ስራ»። ለዓይናችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ዓ እና አ፣ ሥ እና ስ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ መፈለጊያውም ሁልጊዜ አያገናኛቸውም። ትክክለኛውን አጻጻፍ እወዳለሁ፣ ርዕሱ ላይም አልለቀውም። ግን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሰዉ እንደሚጽፈው አድርጌ አስገባዋለሁ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ስሕተት ያዩታል። በሩን ጠባብ አድርጎ የሚገባ የለም ማለት የባሰ ስሕተት ነው።

ሌላው ስካን ነው። ብሎጋችን ላይ ካሉት «ጽሑፎች» ብዙዎቹ ፎቶ የተነሳ ወረቀት ናቸው። የሚፈለግ ቃል የላቸውም፣ ምስል ናቸው። የቀሩት ደግሞ በድሮ ፎንት የተጻፉ ፒዲኤፎች ናቸው፤ አንዱን አንቀጽ ኮፒ ስታደርጉት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ ከገባ፣ በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ፣ ስንት ዓመት ሆነው! አንድ ጸሐፊ ለአንድ ወር ቁጭ ብሎ እነዚህን በደንብ ቢተይባቸው ብሎጉ ሌላ ብሎግ ይሆን ነበር። አሁን ሰዉ ቻትጂፒቲንም በአማርኛ መጠየቅ ጀምሯል፤ እሱ የሚመልሰውም ክፍት ሆኖ ከተጻፈው ነገር ተምሮ ነው። በአማርኛ ትክክለኛውን ካልጻፍን የተሳሳተውን መልሶ ይነግረናል። ይህን ቢሮዬ ውስጥ በዓይኔ እያየሁ ነው።

ቴሌግራምን አልጠላም። ቻናሉ በር ይሁን ነው የምለው። ሦስት መስመር ጻፉ፣ ሊንኩን ከሥሩ አድርጉ፣ ሰዉ ወደ ቤት ይግባ። ቲክቶክም ሰው ይጠራል፣ አልክድም። ግን አንድ ሠራተኛ የሰው ሀብት ቢሮ ገብቶ «ቲክቶክ ላይ ሰምቻለሁ» ሲል አይሰማም። የአንቀጹን ቁጥር የያዘ ገጽ ሲያሳይ ይሰማል። ሬዲዮ ላይ ስትጋበዙ የብሎጉን ስም ተናገሩ፤ ለዚያ ደግሞ ስሙ በአንድ ትንፋሽ የሚባል መሆን አለበት። የኛው አድራሻ አራት ምሕጻረ ቃልና ሁለት ሰረዝ አለው። እኔ ራሴ በስልክ ለሰው ነግሬ ጨርሼ አላውቅም። ጽሑፎቹን እርስ በርስ አገናኙ፤ ስለ ስንብት ያነበበ ሰው ስለ ይርጋ የሚለውን ከሥሩ ያግኝ። ሕጉ ሲቀየር አዲስ ከመጻፍ በፊት አሮጌውን አርሙ፣ የታረመበትንም ቀን አስቀምጡ። የጸሐፊው ስምና ሙያ ይኑር። ሰው ማን እንደነገረው ማወቅ ይፈልጋል፤ መብቱም ነው።

ይህን ሁሉ የሞከረ የለም። ሳይሞከር ነው ይዘጋ የተባለው። አመራሩ ውስጥ ላሉት ወንድሞቼና እኅቶቼ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አዲስ ጽሑፍ ማስገባት ካቃታችሁ አሮጌዎቹ ክፍት ሆነው ይቆዩ፤ አድራሻቸውም አይቀየር። እሱም ካልሆነ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለፈቃደኛ አባላት ስጡን። እስካሁን አራት ሰው እንሠራለን ብለናል፤ ክፍያ አልጠየቅንም።

የራሴን ጽሑፎች ማውረድ ጀምሬያለሁ። አንዱን ግን እስከ መጨረሻው ቀን አልነካውም፤ ስለ ይርጋ የጻፍኩትን። ባለፈው ዓርብ ከሥሩ አንድ ሰው ጥያቄ ትቶ ነበር። ጎግል ላይ አግኝቼው ነው ይላል፤ ከሥራ የተሰናበተበትንም ቀን ጽፏል። ቆጠርኩለት። 19 ቀን ይቀረው ነበር።